አኻያ የምትፈልጉ ካላችሁ፣ ቀሃ ዳር ያለችውን ችግኝ ጣቢያ እዩዋት

ጎንደር ውስጥ ችግኝ ገዢ አይቸገርም። ግራቪሊያው፣ ጽዱ፣ ጌሾው፣ የግቢ አበባው በየመንገዱ ዳር ተደርድሯል። ወንዝ ዳር የሚበቅለውን ዛፍ፣ አኻያን ግን ማን ይሸጣል? እኔ ያገኘሁት ቀሃ ወንዝ አጠገብ ባለች ትንሽ ችግኝ ጣቢያ ነው። ታፔላ እንኳ የላትም።

የእናቴ ማሳ አዘዞ በኩል፣ ጅረት ዳር ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ውኃው ዳሩን እየገመሰ ይወስደዋል። ጎረቤቶቻችን ባህር ዛፍ ትከሉ ይሉናል። ገንዘብ ማምጣቱን አልክድም። ግን ከሥሩ ሣር እንደልብ አይበቅልም፤ ጅረት ዳር ሲሆን ደግሞ ውኃውን ይመጥጠዋል። እኔ የፈለግሁት አፈሩን የሚይዝልኝ ነው።

ጣቢያዋን የያዙት ሽማግሌ ገና ሳልቀመጥ፣ «ልጄ፣ መሬቱ በበጋ ይረጥባል ወይስ ይደርቃል?» ብለው ጠየቁኝ። ትክክለኛው ጥያቄ ይኸው ነው። አኻያ ሥሩ እርጥበት ካላገኘ አይሆንለትም። ለደረቅ ግቢ ሊገዙ የመጡ አንዲት ሴትዮ ነበሩ። «እትዬ፣ ይህ ለእርስዎ አይሆንም፣ ወይራ ይውሰዱ» አሏቸው። ሽያጩ ቢቀርበትም እውነቱን የሚናገር ነጋዴ ስወድ!

ከዚያ ወንዙ ዳር ወስደው ቁራጭ የሚወስዱባቸውን እናት ዛፎች አሳዩኝ። ገጠር ያደገ ሰው አኻያን በመፋቂያነቱ ያውቀዋል። ቅጠሉ ጠባብና ረጅም ነው። ጠርዙ ላይ በጣት ካልዳበሱት የማይታወቅ ደቃቅ ጥርስ አለው፤ ጀርባው ነጣ ይላል። ሽማግሌው አንዱን ቅርንጫፍ ይዘው እስከ መሬት አጎነበሱት። ሲለቁት ሳይሰበር ቀና አለ። ጎርፍ ሲመጣም እንዲሁ ነው፤ አኻያ ይተኛለታል። ውኃው በቅርንጫፎቹ መሃል ሲያልፍ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ የያዘውን ደለል እዚያው ይጥላል። ደለሉ ላይ ቄጤማና ሣር ይበቅላል። ከታች ደግሞ ሥሩ ዳሩን ጠፍሮ ይይዛል። የአንገረብ ግድባችን በደለል ምን ያህል እንደተቸገረ እናውቃለን። ወደ ግድቡ የሚገቡት ጅረቶች ዳርና ዳር አኻያ ቢለብሱ ምንኛ ደስ ባለኝ!

ቅሬታም አለኝ። በፕላስቲክ ያለው ችግኝ 50 ብር ነው። አንዱን ሳወጣው ሥሩ ከረጢቱ ውስጥ ተጠምጥሞ ነበር፤ ብዙ ቆይቷል ማለት ነው። ገና ሥር ያላወጣው የቅርንጫፍ ቁራጭ 10 ብር ነው። እኔ የምመክራችሁ እሱን ነው፤ አኻያ ከእንጨቱ በቀላሉ ሥር ያወጣል። አውራ ጣት የሚያህል ውፍረት፣ ክንድ የሚያህል ርዝመት ያለውን ምረጡ። ከግማሹ የሚበልጠውን ከታች በኩል ቅበሩት። እምቡጡ ወደ ላይ ማየቱን አረጋግጡ፤ ተገልብጦ እንዳይተከል።

ሌላው ጉድለት ይበልጥ ያሳስበኛል። የአኻያ ወንዱና ሴቱ ለየብቻ ዛፍ ነው። ከአንድ ዛፍ የተቆረጠ ሁሉ አንድ ጾታ ይሆናል። ጥጥ የለበሰው ዘሩ በነፋስ ሄዶ ጅረቱን ራሱ እንዲያለብስላችሁ ከፈለጋችሁ ሁለቱም ያስፈልጓችኋል። ጣቢያዋ ግን ሁሉንም በአንድ እስር ነው የምትሸጠው። እናት ዛፎቹ ሲያብቡ ለይቶ ባለ ቀለም ክር ማሰር ይበቃ ነበር። እስከዚያው «ከተለያየ ዛፍ ይቁረጡልኝ» በሏቸው፤ ሳያንገራግሩ ይቆርጣሉ።

የእናቴ ማሳ ላይ አብዛኞቹ ይዘዋል። ፍየል የደረሰባቸው አልተረፉም፣ ስለዚህ የእሾህ አጥሩን ከችግኙ እኩል አስቡበት። የምትገዙትም ክረምቱ ሲገባ ይሁን፣ ግን ዋናው ጎርፍ የሚያልፍበት መሃል ላይ አትትከሉ። ጣቢያዋ እሁድ ዝግ ናት። የሚያደርስላችሁ ሰው የለም፤ ቁራጩን ግን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው ይሰጣሉ። እኔ በባጃጅ እስከ አዘዞ ወሰድኩት፣ አንዱም አልደረቀብኝም።