ፍሪስላንድ ላይ በሸራ ጀልባ ለሚወጣ ቡድን፦ ባለ አልጋው፣ ክፍቱ ወይስ ከነካፒቴኑ?

ማርች ሲገባ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። «አስር ሆነን ሆላንድ ውስጥ በጀልባ ልንወጣ ነው፤ የቱን እንከራይ?» አንዱ ከዩትሬክት፣ አንዷ ከፍራንክፈርት፣ ሌላው ከአንትወርፕ። ጥያቄው አንድ፣ መልሱም አንድ። እንግዲህ ልጻፈውና ልገላገል።

ሳላንዛዛ ልንገራችሁ። ከ8 እስከ 12 ሰው ከሆናችሁ ሁለት ክፍት፣ ማለትም ጣሪያም አልጋም የሌለው ጀልባ ተከራዩ፤ ማደሪያችሁን ውሃ ዳር ያለ ቤት አድርጉት። ውስጡ አልጋ፣ ኩሽናና ሽንት ቤት ያለው ጀልባ ፎቶ ላይ ያምራል። ሂሳቡ ሲመጣ ነው ነገሩ የሚገለጠው።

ስለ ቦታው ብዙ አልልም። ፍሪስላንድ በሆላንድ ሰሜናዊ ክፍል ያለ፣ ሐይቆቹ በቦይ የተያያዙ ክፍለ ሀገር ነው። ከዋና ከተማው ከሌውዋርደን ሐይቆቹ አጠገብ ወዳለችው ስኔክ ከተማ ባቡር ስላለ መኪና የሌለው ሰውም አይቸገርም። ፈቃድን በተመለከተ የሆላንድ ሕግ ቀላል ነው፦ ከ15 ሜትር በታች የሆነና በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ የማይፈጥን ጀልባ መንጃ ፈቃድ አይጠይቅም። አከራዩ ግን ራሱን ችሎ ሊጠይቅ ይችላል። በተለይ ለባለ አልጋው «ከዚህ በፊት ነድታችኋል?» ይላል፤ ወረቀት የሚጠይቅም አለ።

አሁን ወደ ብሩ። አስር ሰው፣ ሁለት ሌሊት እንበል። ዋጋው እንደ ወሩና እንደ ጀልባው ዕድሜ ከፍ ዝቅ ስለሚል ቁጥሮቼን ለማነጻጸሪያ ብቻ ያዙ።

ባለ አልጋው ጀልባ ስድስት ሰው ያስተኛል ይባላል። አምስት ሰው ገብቶበት እንኳን አንዱ የሚተኛው ማታ ወደ አልጋ በሚቀየረው የምግብ ጠረጴዛ ላይ ነው። ስለዚህ ለአስር ሰው ሁለት ያስፈልጋችኋል። አንዱ ለቅዳሜና እሁድ 700 ዩሮ ገደማ ቢሆን ሁለቱ 1,400። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ካልኩሌተሩን ይዘጋል። አትዝጉ! የጽዳት 75 በሁለት፣ 150። የኢንሹራንስ ማሟያ 50 በሁለት፣ 100። አንሶላና ብርድ ልብስ በሰው 15፣ እሱም 150። ነዳጅና የወደብ ማደሪያ ደግሞ 60 በሉት። ድምሩ 1,860፤ ለአንድ ሰው 186 ዩሮ። መያዣ የሚሉት ገና አልተነካም። ብዙ ጊዜ በአንድ ጀልባ ከ500 እስከ 1,000 ዩሮ ነው፤ ያንን ያህል ብር ከአንዳችሁ ካርድ ላይ ታግቶ ይቆያል። የማን ካርድ? ጭቅጭቁ እዚያ ይጀመራል።

ክፍቱን እንይ። እዚያ በብዛት የሚከራየው ፖሊፋልክ ይባላል። ርዝመቱ 6.5 ሜትር ገደማ ነው፤ አምስት ሰው ተመቻችቶ ይቀመጥበታል። ለጀማሪ የሚሆን የዋህ ጀልባ ነው። በቀን 130 ዩሮ ብንል ሁለት ጀልባ ለሁለት ቀን 520። ለአስር ሰው የሚሆን ቤት ሁለት ሌሊት 700 ብንል ድምሩ 1,220፤ ለአንድ ሰው 122 ዩሮ። መንዳት የሚችል ከሌለ ለመጀመሪያው ቀን አስተማሪ ያዙ፤ የጀልባ ትምህርት ቤቶቹ ይሰጣሉ። ለእሱ 200 ብትጨምሩ እንኳን በሰው 142 ነው። ከ186ቱ ጋር አስተያዩት።

ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም የምመርጠው። ባለ አልጋው ጀልባ ሊበላሽ የሚችል ነገር ተሸክሞ ነው የሚሄደው፤ የተበላሸው ሁሉ ደግሞ እናንተ ላይ ነው የሚቆጠረው። ናፍጣ ሞተሩ የሚቀዘቅዘው ከሐይቁ በሚስበው ውሃ ነው። በጋ ላይ የውሃ ሣር ይበዛና ማጣሪያውን ይደፍነዋል። በየጠዋቱ ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል፤ ርክክቡ ላይ ግን ሰውዬው በሆላንድኛ ፈጠን ፈጠን እያለ ነው የሚያስረዳው። ሞተሩ ሞቆ ሲጮህ «ትንሽ እንሂድ» ካላችሁ ጥገናው የእናንተ ነው። የጀልባው የራሱ ገመድ ውሃ ውስጥ ወድቆ ፕሮፔለሩ ላይ ከተጠመጠመ ደግሞ ጠላቂ ይጠራል። የጠላቂውን ክፍያ ኢንሹራንሱ ይሸፍን እንደሆነ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ።

ሽንት ቤቱ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ከ2009 ጀምሮ በሆላንድ ከመዝናኛ ጀልባ የሽንት ቤት ፍሳሽ ወደ ውሃ መልቀቅ ክልክል ነው። ስለዚህ ታንክ አለ፤ ታንኩ ይሞላል፤ ሲሞላ የሚመጥ ጣቢያ ፍለጋ ይኬዳል። አምስት አበሻ ቀይ ወጥ በልቶ ያደረበትን ጀልባ አስቡት። ከዚህ በላይ አልሄድም።

መያዣው ላይ የደረሰብንን ልንገራችሁ። አንድ አከራይ ጀልባውን ስንመልስ ጎኑ ላይ ያለ ጭረት አሳየንና 180 ዩሮ ቆረጠ። ጭረቱ እኛ ስንረከብም ነበር፤ እንዲያውም ቀለሙ ውስጥ አቧራ ገብቶበታል። «ታዲያ ያኔ ለምን አልጻፋችሁትም?» አለ። እሺ ይሁን። ከዚያ ወዲህ ማንም ጓደኛዬ ሲሄድ የምለው ይኸው ነው፦ ከመረከባችሁ በፊት ጀልባውን ዙሪያውን በቪዲዮ ቅረጹ። ከፊትና ከኋላ ጫፉን፣ ሸራውን ዘርግታችሁ ስፌቱን፣ ምሰሶው የሚታጠፍበትን ቦታ። ሰውዬው እያየ ቅረጹ። ክፍቱ ጀልባም መያዣ አለው፤ ግን ብሩ ያንሳል፣ የሚቧጨረውም ነገር ትንሽ ነው።

ክፍቱ ግን ጣሪያ የለውም። ዝናብ ሲመጣ ትርሳላችሁ፣ በቃ። ሽንት ቤትም ስለሌለው በየሁለት ሰዓቱ ዳር መውጣት ግድ ነው። ነፋሱ 6 ቦፎርት (የነፋስ ብርታት መለኪያ ነው፤ 6 ብርቱ ነፋስ ማለት ነው) ሲደርስ ብዙ አከራዮች አታወጡም ይላሉ፤ ያን ቀን ብር ይመለሳል ወይስ ቀን ይቀየራል የሚለውን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ትንሿ ሞተር ለብቻዋ የምትከራይ መሆኗንም አትርሱ፤ ማስታወቂያው ላይ ያለው ርካሽ ዋጋ ብዙ ጊዜ ያለ ሞተር ነው። ሞተሯን እዚያው አከራዩ ፊት አስነሱ። አሥር ጊዜ ተጎትታ ካልተነሳች ሌላ ይስጣችሁ።

ቤት ይዞ የማደሩ ጥቅም የሚታየው ማታ ነው። ቡና ተቆልቶ፣ ዕጣን ጨሶ፣ ሁሉም አንድ ላይ ይቀመጣል። ፋይበር ጀልባ ውስጥ ከሰል ማቀጣጠል የሚያስብ ካለ ከወዲሁ ይተወው፤ በዝግ ክፍል ውስጥ የከሰል ጭስ ይገድላል።

ባለ አልጋው የሚያሸንፍበት አንድ ነገር አለ፤ እሱን አልክድም። ማረክሪተ የሚባለው ድርጅት በየሐይቁ ዳርና በየደሴቱ ወደ 3,500 የሚጠጋ ነጻ ማቆሚያ አዘጋጅቷል። ውሃም መብራትም የለውም፤ አንድ ቦታ እስከ ሦስት ቀን መቆየት ይቻላል። አራት ሆናችሁ፣ ሁለታችሁ በደንብ መንዳት የምትችሉ ከሆነና ሳምንት ሙሉ ከስሎተርሜር ሐይቅ ወደ ትዮከሜር ሐይቅ እያላችሁ መዞር ካማራችሁ ባለ አልጋውን ውሰዱ። ለአስር ሰው ቅዳሜና እሁድ ግን አይሆንም።

ሦስተኛው ምርጫ ካፒቴን ያለው ትልቅ አሮጌ መርከብ ነው። ድሮ ጭነት ያመላልሱ የነበሩ ሰፊ ሆድ ያላቸው መርከቦች ናቸው፤ ቡናማ ሸራ ይዘረጋሉ። ካፒቴኑ ይነዳል፣ እናንተ ገመድ ትስባላችሁ። ለቅዳሜና እሁድ 2,200 ዩሮ ቢጠይቁ አስር ሆናችሁ በሰው 220 ነው፤ ውድ ነው። አስራ ስድስት ከሆናችሁ ግን ወደ 138 ይወርዳል፤ ያኔ ሐሳቤን እቀይራለሁ። ሽማግሌ ወይም ትንንሽ ልጆች ያሉበት የቤተሰብ ጉዞ ከሆነም ይሄ ይሻላል። ምግብና የመጠጥ ዋጋ ለብቻ መሆኑን ግን ጠይቁ። «የራሳችሁን መጠጥ ማምጣት አይቻልም» የሚል መስመር ውሉ ውስጥ ካለ ሂሳቡ ሌላ ነው።

ሳልጽፈው የማላልፈው ነገር ላይፍ ጃኬት ነው። ከእኛ ሰው መሃል ዋና የማይችል ብዙ ነው፤ ሐይቆቹ ጥልቅ ባይሆኑም ከታች ጭቃ ነው። ኢንተርኔት ላይ በ15 ዩሮ የሚሸጠውን አትግዙ። የአውሮፓን የደህንነት ደረጃ ያሟላል የሚለው የሲኢ ምልክት ራሱ ተኮርጆ የታተመበት አይቻለሁ፤ ውስጡ ያለው ስፖንጅ በጣት ሲጫኑት አይመለስም። መለያው ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ። ኒውተን ጃኬቱ ሰውን ውሃ ላይ የሚያነሳበት ኃይል መለኪያ ነው፤ 50 ኒውተን የሚለው ዋና ለሚችል ሰው መርጃ እንጂ ነፍስ አድን አይደለም። ዋና የማይችል 100 ወይም 150 ይልበስ። በጋዝ የሚነፋውን የምትከራዩ ከሆነ የጋዟ ጠርሙስ ጠብቃ መታሰሯንና ቀኗ አለማለፉን እዩ። አከራዮቹ በነጻ ወይም በጥቂት ዩሮ ጥሩውን ስለሚሰጡ መግዛት ጨርሶ አያስፈልግም።

ሳንቲም ያዙ። አንዳንድ ድልድይ ሲከፈት ጠባቂው የእንጨት ጫማ በገመድ አንጠልጥሎ ያወርድላችኋል፤ ክፍያው እሱ ውስጥ ነው የሚገባው። ፖሊፋልክ ግን ምሰሶው ስለሚታጠፍ ብዙውን ድልድይ ከሥሩ ሾልኮ ያልፋል። ይኸው፣ እዚህም ትቆጥባላችሁ።

ጊዜውን በተመለከተ ኦገስት መጀመሪያ ላይ አትሂዱ። የስኔክ ውድድር ሳምንት ያኔ ነው፤ ከተማው ይሞላል፣ ዋጋው ይሰቀላል። ኦገስት 7 ደግሞ ፍልሰታ ይገባል፤ ከቡድኑ ግማሹ ጿሚ፣ ግማሹ ጥብስ ፈላጊ ይሆንና ኩሽናው ለሁለት ይከፈላል። ሜይ ውስጥ በበዓለ ሃምሳ ሂዱ፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳን አይጾምም፣ የትምህርት ቤት ዕረፍቱን ሳምንት ከዘለላችሁ ዋጋውም ገና አልናረም። ውሃው ይቀዘቅዛል፤ ጃኬት ያዙ። ያ ካለፋችሁ እንቁጣጣሽ ሰሞን ጥሩ ነው።

ለሜይ ከሆነ ቤቱን ጃንዋሪ ላይ ያዙ። ጀልባ ማርች ላይም ይገኛል፤ ቶሎ የሚያልቀው አስር ሰው የሚያስተኛ ውሃ ዳር ያለ ቤት ነው። ብሩን ደግሞ ቤቱን ከመያዛችሁ በፊት ከሁሉም ሰብስቡ፤ «እመጣለሁ» ብሎ ያልከፈለ ሰው አይቆጠርም።