ቀለቡ ያልተነገረኝ ዘበኛ

ነሐሴ 2017 ለለቅሶ አዲስ አበባ ሄጄ ዘጠኝ ቀን ቆየሁ። ሀዋሳ ስመለስ ሞተር ብስክሌቴ ግቢ ውስጥ በላስቲክ እንደተሸፈነች፣ ማንም ሳይነካት ቆማለች። ሪሞቱን ተጫንኩ፤ ዝም። ቀረብ ብዬ ደግሜ ተጫንኩ፤ ፍሬቻዋ እንኳን ብልጭ አላለችም። ቁልፉን ሳዞር የዳሽቦርዱ መብራት እንደሚሞት ፍም ደብዝዞ ጠፋ፣ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ አንዴ ጠቅ ብሎ አረፈ። ላቤ እስኪንቆረቆር በእግር ማስነሻው ረገጥኳት። ከአጥር ማዶ ጎረቤቴ ብቅ ብለው፣ «ምነው ልጄ፣ ሌባ ነክቷት ነው እንዴ?» አሉኝ።

ሌባ አልነካትም። የነካት ከሌባ ይጠብቃት ብዬ በገንዘቤ የቀጠርኩት አላርም ነው።

የገዛሁት የካቲት ላይ ነው። አንድ የማውቀው ሰው ሞተሩን ካፌ በር ላይ አቁሞ ማኪያቶ እስኪጠጣ ድረስ ተወሰደበት። መሪው ተቆልፎ ነበር። የመሪ ቁልፍ ግን ጉልበት ያለው ሰው እጀታውን ይዞ አንዴ በኃይል ከጠመዘዘው ይሰበራል፤ ከዚያ በኋላ ገፍቶ መሄድ ነው። ይህን ከሰማሁ በኋላ ሌሊት ውሻ በጮኸ ቁጥር እየተነሳሁ በመስኮት ማየት ጀመርኩ። ሁለት ሳምንት እንዲህ ካደርኩ በኋላ ወደ መለዋወጫ ሱቅ ሄድኩ።

ሱቁ ውስጥ ሦስት ዓይነት አሳዩኝ። አንዱ ሲም ካርድ የሚገባለት፣ ሞተሯ የት እንዳለች በስልክ የሚናገር ነው፤ ዋጋውን ስሰማ መልሼ አስቀመጥኩት። ሁለተኛው ሪሞቱ ላይ ትንሽ መስኮት አለው፤ ሞተሯ ስትነካ ኪስ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ሦስተኛው ስትነካ መጮህ ብቻ የሚያውቅ፣ ሁለት ሪሞት ያለው፣ 3,500 ብር። ሦስተኛውን ያዝኩ። ሻጩ ጠረጴዛው ላይ ካለ ባትሪ ጋር አገናኝቶ አንዴ ሲያስጮኸው የመንገዱ ሰው ሁሉ ዞረ። «ወንድሜ፣ ይኸው 125 ዲሲቤል!» ብሎ ካርቶኑን በጣቱ መታ መታ አደረገው። እኔም ድምፁን ገዛሁ። ስለ ጩኸቱ፣ ስለ ሪሞቱ ርቀት፣ ከሩቅ ሞተር ስለማስነሳቱ ሩብ ሰዓት ሙሉ ሲነግረኝ፣ ይህ ዘበኛ ቆሞ ሲያድር ምን እንደሚበላ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

አውቃለሁ፣ ይህን ቢያነብ «አልጠየቅከኝም» ይለኛል። የማላውቀውን ነገር እንዴት አድርጌ ልጠይቅህ? ገበያ ላይ በቅሎ የሚሸጥ ገበሬ እንኳን ትራገጥ እንደሆነ አመሏን ተናግሮ ነው የሚያስረክበው። አንተ ስለ ድምፁ እንዳዜምከው ስለ ቀለቡ ብታንሾካሹክልኝ ምን ነበረበት?

የገጠመልኝ የሱቁ ልጅ ነው። አርባ ደቂቃ አልፈጀበትም፤ ያን ጊዜ ፍጥነቱን አድንቄ ጉርሻ ጨምሬለታለሁ። ወንበሯን አነሳ፣ ሳጥኑን ከባትሪው ጎን ወሸቀ፣ ሽቦዎቹን በጥርሱ ላጠ፣ እርስ በርስ ጠምዝዞ በናስትሮ ጠቀለለ። ቤት ገብቼ ካርቶኑን ስጥል ታች በትንሽ ፌስታል ውስጥ አንድ ፊውዝ ከነማቀፊያው አገኘሁ። ትርፍ መስሎኝ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። ከባትሪው በሚወጣው ቀይ ሽቦ ላይ መግባት የነበረበት እሱ መሆኑን የተረዳሁት ከወራት በኋላ ነው።

ከዚያ እስከ ነሐሴ ድረስ ምንም አልሆነም። ያለፈው ክረምት ዝናብ እንኳን አላበላሸውም። የሪሞቱ ባትሪ አንዴ አለቀ፤ ከጣት ጫፍ ያልበለጠች 12 ቮልት ናት፣ በየኪዮስኩ ተንከራትቼ በመጨረሻ ሰዓት ሠሪ ዘንድ ነው ያገኘኋት።

ወደ ባትሪው ልመለስ። ከለቅሶው የተመለስኩ ዕለት ባትሪ ሻጩ «ይህ አርጅቷል» ብሎ በ2,400 ብር አዲስ ሸጠልኝ። አመንኩት። መስከረም ላይ ወባ ጥሎኝ ስድስት ቀን አልጋ ያዝኩ፤ ስነሳ አዲሱም ሞቷል። አሁን ማርጀት የሚባል ምክንያት የለም። ሞተሯን እየገፋሁ ዕድሜ ጠገብ ወደሆኑ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ወሰድኳት።

ሰውየው መጀመሪያ ባትሪውን ሞሉት። ከዚያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ሽቦ ፈትተው ቴስተሩን፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ በሽቦውና በባትሪው መካከል አስገቡ። ቁልፉ ጠፍቷል፣ አላርሙ በርቷል። ቴስተሩ 41 ሚሊ አምፔር አነበበ። «ልጄ፣ ሞተርህ ተኝታ ትበላለች» አሉኝ። የአላርሙን ሶኬት ሲነቅሉት ቁጥሩ ወደ 1 ወረደ። መልሰው ሲሰኩት 41። ሦስት ጊዜ ነቀሉ፣ ሦስት ጊዜ ሰኩ፤ እንድጠግበው ይመስለኛል። ከዚያ ሰርባቶዮው ላይ ባለው አቧራ በጣታቸው ጻፉልኝ፦ 41 በ24 ሰዓት ሲባዛ 984 ሚሊ አምፔር ሰዓት፤ ሺህ ሚሊ አንድ ስለሆነ በቀን አንድ አምፔር ሰዓት ገደማ ማለት ነው። የእኔ ባትሪ በጠቅላላው 5 አምፔር ሰዓት ነው። ስለዚህ በአምስተኛው ቀን ባዶ ይሆናል፤ ሞተሪኖው ግን ብዙ ጉልበት ስለሚፈልግ ከዚያ በፊት እምቢ ይላል። ባዶ ሆኖ የሰነበተ ባትሪ ደግሞ ውስጡ ያሉት የእርሳስ ሰሌዳዎች ሰልፌት የሚባል ቅርፊት ስለሚይዛቸው፣ ተመልሶ ቢሞላም እንደ ድሮው አይዝም። የመጀመሪያውን ባትሪዬን የገደለው ዕድሜ አልነበረም።

በየቀኑ ስነዳ ለምን አልታወቀኝም? እየሄደች ትሞላለቻ። ያም ቢሆን የእኔ መንገድ አጭር ነው፤ ጠዋት ለምግብ ቤቴ አሳ ለመግዛት ሐይቁ ዳር ወዳለው የአሳ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል እወርዳለሁ፣ እመለሳለሁ፣ አለቀ። ያን ያህል መንገድ ሌሊት የተበላውን ቢመልስ ነው፤ የሚተርፍ ነገር የለውም።

ባለሙያው የልጁን ናስትሮ ሁሉ ገሽልጠው ሽቦዎቹን በስታኞ በየዱ። መሳቢያ ውስጥ የነበረውን ፊውዝ አምጥቼ ቦታው ገባ። ከሩቅ ማስነሻውን ሽቦ ደግሞ እኔው ለምኜ አስቆረጥኩት፤ አንድ ቀን ማርሽ ውስጥ ትቻት በሪሞት ሳስነሳት ዘልላ ግድግዳ ገጭታ ወድቃለች። ሽቦው ፍሪሲዮን ይያዝ አይያዝ ሳይጠይቅ በቀጥታ ሞተሪኖውን ነው የሚያዘው። ሻጩ በጣም የሚኮራበት ነገር ይህ ነበር።

ዋናው መፍትሔ ግን ወንበሯ ሥር የተገጠመች የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ማብሪያ ማጥፊያ ናት። ባለሙያው፣ «ሦስት አራት ቀን የማትነዳት ከሆነ አጥፋው» ብለው ስድስት መቶ ብር ተቀበሉኝ። አመስግኜ ወጣሁና መንገድ ላይ ስደርስ ነገሩ ገባኝ። ቤት ባለሁበት ቀን፣ ጎረቤት ባለበት፣ ውሻ ባለበት ዘበኛው በሥራ ላይ ነው። ከከተማ ወጥቼ ግቢው ጭር በሚልበት ቀን ግን እኔው በእጄ አሰናብቼው እሄዳለሁ። በእሱ ፋንታ አሁን የኋላ ጎማዋን በወፍራም ሰንሰለት ከብረት ምሰሶ ጋር አስራለሁ። ሰንሰለቱ ከአላርሙ በእጅጉ ይረክሳል፣ ቀለብ አይጠይቅም። ከመጀመሪያው እሱን ብቻ ብገዛ ኖሮ አንድ ባትሪ፣ ብዙ ብርና አንድ የተጋጨ የፊት መብራት ይተርፈኝ ነበር።

አላርሙን አውልቀው የሚሉኝ አሉ። አላወልቀውም። ለምን እንደማላወልቀው ሲጠይቁኝ የምሰጠው መልስ በየቀኑ ይለያያል። አንዳንድ ቀን ተሟግቼለት እመጣለሁ፤ ሌላ ቀን፣ በተለይ መሳቢያውን ከፍቼ የባትሪውን ደረሰኝ ሳይ፣ ሐይቁ ውስጥ ልወረውረው ያምረኛል። ዛሬ የሁለተኛው ዓይነት ቀን ነው፤ ያም ያለ ምክንያት አይደለም።

ዛሬ ጠዋት አሞራ ገደል አቁሜያት አሳ ስመርጥ ጩኸቱ ተነሳ። ያ 125 ዲሲቤል የተባለው። የያዝኩትን ቆሮሶ አሳ ጥዬ ሮጥኩ። ከአሳ አጥማጁ እስከ ሻይ አፍዩዋ አንድም ሰው ቀና አላለም። አሳ የሚበልተው ልጅ ቢላዋውን እንኳን ሳያቆም፣ «ጋሼ፣ አይሩጡ፣ አባ ኮዳው ነው» አለኝ። እውነትም ያ ራሱ የተመለጠ ትልቅ አሞራ ወንበሯ ላይ ጉብ ብሎ፣ ፍሬቻዎቿ ከግራና ቀኝ ብልጭ ድርግም እያሉበት፣ የአሳ አንጀት ይጠብቃል።