ሴፍቲ ቫልቭ ስትገዙ፦ ቧ ብሎ የሚከፈተው ወይስ ቀስ ብሎ የሚያፈሰው?

ሴፍቲ ቫልቭ ግፊት ሲበዛ ራሱ ተከፍቶ የሚያስተነፍስ ነው። መለዋወጫ ቤት ስትገቡ ቧ የሚለው የአየርና የእንፋሎቱ፣ ቀስ የሚለው የውሃው መንትያ ይመስላሉ። ሁለቱም ነሐስ፣ ሁለቱም ውስጣቸው ሞላ። እኔም ጥርሱ ከገጠመ ምን ልዩነት አለው ብዬ፣ እዚህ ባሕር ዳር ባለችው ጎሚስታ ቤቴ የውሃውን ቫልቭ ኮምፕሬሰሩ ላይ አስሬው ነበር። አንድ ቀን ሞተሩን የሚያጠፋው አውቶማቲክ ተበላሸ። ቫልቩ ሲስ ይላል፣ የግፊት መለኪያው ጌጅ ግን መውጣቱን አላቆመም። ሮጬ ማጥፊያውን ባልደርስበት ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ዛሬም ሳስበው ይጨንቀኛል።

ሞላው ክዳኑን መቀመጫው ላይ ተጭኖ ይይዘዋል፤ ከታች ግፊቱ ይገፋዋል። ቀዳዳው 10 ሚሊ ሜትር ሆኖ በ8 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) የሚከፈት ከሆነ ሞላው የሚሸከመው 6.4 ኪሎ ገደማ ነው። እስከዚህ ሁለቱም አንድ ናቸው።

ልዩነቱ ክዳኑ ከተነሳ በኋላ ነው። የአየርና የእንፋሎቱ ክዳን ዙሪያውን ከንፈር አለው። ትንሽ ሲነሳ የሾለከው አየር ከንፈሩ ስር ይገባል፣ የሚገፋበት ስፋት ይጨምራል፣ ክዳኑም በአንዴ ይዘላል። ለመዘጋት ደግሞ ግፊቱ ከተከፈተበት ዝቅ ማለት አለበት፤ ሞላው ያን ሰፊ ክዳን የሚያሸንፈው ያኔ ነው። በ10 ባር ተከፍቶ 9 ገደማ ላይ ቢዘጋ ተበላሸ አትበሉ።

የውሃው እንደ ግፊቱ መጠን ጥቂት ጥቂት ይነሳል፣ ጥቂት ጥቂት ይቀመጣል። ውሃ ስለማይታመቅ ትንሽ ሲፈስ ግፊቱ ቶሎ ይወርዳል። ለሻወር ቦይለር የሚሆነው ይሄ ነው። ሲሞቅ ጠብ ጠብ ቢል ውሃው ስለተለጠጠ ነው፤ እባካችሁ አትድፈኑት።

ለኮምፕሬሰር ግን ቧ ብሎ የሚከፈተውን ብቻ ግዙ። ጣና ዳር ካፌ ያላችሁም የማሽናችሁ ቦይለር እንፋሎት ስለሚይዝ እንደዚሁ። የተጻፈበት ባር ታንኩ ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ግፊት መብለጥ የለበትም። የማስወጣት አቅሙም ኮምፕሬሰሩ ከሚሞላው አየር አይነስ።

ከተማችን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ሌላ ቁጥር ያስፈልጋል የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ አትቀበሉት። ሞላው የሚመዝነው በታንኩና በውጭው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው፤ ጌጁም የሚያሳየው ያንኑ ነው።

ለኮምፕሬሰር መሳቢያ ቀለበት ያለውን ምረጡ። ታንኩ አየር እንደያዘ፣ ፊታችሁን ዘወር አድርጋችሁ አልፎ አልፎ ሳቡት። ስትለቁት አጥብቆ ካልዘጋ የላዩን ብሎን አትነካኩ፤ ቀይሩት።