ዓይኑ ቢጫ ለሆነ ሰው «ሙሉ ሆድ ፓኬጅ» እንዳትገዙ

ወገኖቼ፣ እኔ የከፈልኩትን እናንተ እንዳትከፍሉ ነው የምጽፈው። የአባቴ ዓይን ቢጫ ሆኖ፣ ሽንቱ ጥቁር ሻይ መስሎ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያሳክከው ያድር ነበር። ጎረቤት «የወፍ በሽታ ነው» አለ። እኔም ተጣድፌ ስታዲየም አካባቢ ወዳለ አንድ የምርመራ ማዕከል ወሰድኩት። ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ልጅ የሐኪም ማዘዣ እንኳ ሳትጠይቅ «ሙሉ ሆድ ፓኬጅ አለን፤ አልትራሳውንድና ሲቲ ስካን አንድ ላይ፣ በቅናሽ» አለችኝ። ከወር ደሞዜ በላይ ከፈልኩ።

አባዬ ቁርሱን ፍርፍር በልቶ ነበር፤ የጠየቀው የለም። ሐሞት ከረጢት በአልትራሳውንድ በደንብ እንዲታይ ግን ከምርመራው በፊት ከ6 እስከ 8 ሰዓታት ያህል ምንም ሳይበሉ መቆየት ያስፈልጋል። ሰው ሲበላ ከረጢቱ ሐሞቱን ወደ አንጀት ጨምቆ ይኮማተራል፣ ውስጡን መለየት ያስቸግራል። የተሰጠኝ ሪፖርት ሦስት መስመር ነው፦ «ሐሞት ከረጢቱ ተኮማትሯል፣ ሌላው ደህና ነው»። ሐሞትን ወደ አንጀት ስለሚያወርደው የሐሞት ቱቦ ስፋት አንድም ቃል የለም። ዋናው ጥያቄ እኮ እሱ ነበር! ቱቦው ከሰፋ የዘጋው ነገር መኖሩ ይጠረጠራል፤ ካልሰፋ ብዙውን ጊዜ ችግሩ ከጉበቱ ወይም ከደሙ ይፈለጋል።

ገንዘቤን ስጠይቅ «ማሽኑ ሠርቷል» ተባልኩ።

በኋላ የመንግሥት ሆስፒታል ሐኪሟ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርጋ አየችና ብዙ የሐሞት ጠጠር በሲቲ ላይ ከሐሞቱ ጋር ተመሳስሎ እንደሚያመልጥ ነገረችኝ። በባዶ ሆዱ አልትራሳውንድ ሲነሳ ቱቦው 11 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ፤ ብዙውን ጊዜ ከ6 ወይም 7 አይበልጥም። ጠጠሩን ራሱን ያሳየው ግን ኤምአርሲፒ ነው፦ ኤምአርአይ ማሽን ላይ፣ ያለ መርፌ፣ ቱቦዎቹን አጉልቶ የሚያነሳ ምርመራ። ጠጠሩ ታች አንጀቱ ደጃፍ ላይ ተሰንቅሮ ነበር፤ እዚያ ቦታ የአንጀት አየር አልትራሳውንዱን ይጋርደዋል።

ሲቲ አይጠቅምም አላልኩም። የቆሽት ዕጢ ሲጠረጠር በኮንትራስት (በደም ሥር በሚሰጥ፣ ምስሉን በሚያጎላ መድኃኒት) መነሳቱ ግድ ነው፣ ያውም ኩላሊት ከታየ በኋላ። ግን ማዘዝ ያለበት ሐኪም ነው፣ ገንዘብ ተቀባይ አይደለም። መጀመሪያ የቢሊሩቢን (ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው ንጥረ ነገር) እና የጉበት የደም ምርመራ አሠሩ፣ ቀጥሎ በባዶ ሆድ አልትራሳውንድ። ከመክፈላችሁ በፊት ራዲዮሎጂስት (የምስል ምርመራ የሚያነብ ሐኪም) የሚያነበው እንደሆነና የቱቦው ልክ ይጻፍ እንደሆነ ጠይቁ፤ ምስሎቹ ያሉበትን ሲዲም ተቀበሉ።

ቢጫነቱ ላይ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከተጨመረ ግን የትም ወረፋ አትያዙ፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።