ባለ 8 ወይስ ባለ 10? በወሎ ተራራና ሐይቅ የተፈተኑ ሁለት ባይኖኩላሮች

ቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ። ወሎ ውስጥ ወፍ፣ ጭላዳ ወይም ቀይ ቀበሮ ለማየት አንድ ባይኖኩላር (የሩቅ ማያ መነጽር) ብቻ ልትገዙ ካሰባችሁ ባለ 8ቱን ግዙ። ባለ 10ሩም የሚያሸንፍበት ቦታ አለው። ቦታው ግን ጠባብ ነው።

እኔ ጋ ያለው 8×42 ነው። ታላቅ ወንድሜ ከዚያው ፋብሪካ የወጣ 10×42 አለው። የምንኖረው ደሴ ነው። በበጋው ገዛናቸው፣ ክረምቱን አሳለፍንባቸው፣ አሁንም በእረፍት ቀን ከአንገታችን አይወርዱም። ሁሌም አብረን ስለምንወጣ እየተቀያየርን ነው የምናየው። ያው ወፍ፣ ያው ብርሃን፣ ያው ነፋስ።

ቁጥሮቹ ግራ ለሚያጋቧችሁ፦ የመጀመሪያው ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ ይናገራል። ሁለተኛው የፊተኛው ሌንስ ስፋት ነው፣ በሚሊሜትር። 80 ሜትር ርቀት ላይ ያለች ወፍ በባለ 8ቱ 10 ሜትር ላይ ያለች ያህል ትታያለች። በባለ 10ሩ 8 ሜትር ላይ። ሱቅ ውስጥ ትልቅ የሚመስለው ልዩነት ሜዳ ላይ ይኸው ነው።

ለዚች ልዩነት የሚከፈለው ዋጋ ግን ቀላል አይደለም። መጀመሪያ የሚጠበው እይታ ነው። 1000 ሜትር ላይ ባለ 8ቱ እንደ ሥሪቱ ከ110 እስከ 140 ሜትር ስፋት ያሳያል። ባለ 10ሩ ብዙውን ጊዜ 100 አካባቢ ነው። ቀጥሎ የእጅ መንቀጥቀጥ አለ። መሣሪያው የሚያጎላው ወፏን ብቻ አይደለም፣ የእጃችሁንም ንቅናቄ አብሮ ያጎላዋል።

ይህን በደንብ ያየሁት አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ነው። አናቱ ከ4200 ሜትር በላይ ነው። ትንፋሽ ያጥራል፣ ልብ ይደልቃል፣ ነፋሱ ፋታ አይሰጥም። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ያለው እኛ አገር ብቻ ነው። አዋቂዎቹ ተቆጥረው 500 አይሞሉም፣ ከእነሱም ጥቂቶቹ እኛው ወሎ ናቸው። አብረውን የወጡት ስካውት (የዱር እንስሳት ጠባቂ) ትልቅ ሰው ናቸው። ጓሳው መሃል ቆም አሉና በዱላቸው አመለከቱ። «ያቻት፣ ከጅባራዋ ወደ ግራ።»

ባለ 8ቱን አነሳሁ፣ ወዲያው አገኘኋት። ወንድሜ ግን «የታለች? የታለች?» ይላል። በባለ 10ሩ የሚያየው ሣርና ጅባራ ብቻ ነው። ጅባራው ደግሞ ብዙ ነው፣ ሁሉም ይመሳሰላል። ስካውቱ ትከሻውን ያዝ አድርገው «ልጄ፣ መጀመሪያ በዓይንህ ያዛት፣ ከዚያ መነጽሩን ወደ ዓይንህ አምጣው» አሉት። ከዚህ የተሻለ ምክር የትም አላነበብኩም። ዓይን ከእንስሳው ላይ አይነሳም፣ መሣሪያው ነው ወደ ዓይን የሚመጣው።

እሱ ሲያገኛት እሷ ሥራ ላይ ነበረች። ጆሮዎቿን ወደ መሬት ዘንበል አድርጋ ቆማለች። የአንገቷ ሥር ነጭ፣ የጅራቷ ጫፍ ጥቁር። ድንገት ብድግ አለችና የፊት እግሮቿን ገጥማ አይጧ ላይ አረፈች። እኔ ከዝላዩ እስከ ማረፊያው አየሁት። ወንድሜ ስትዘል ከእይታው ወጣችበት።

የሚንቀሳቀስ ነገር ላይ ሁሌም እንዲህ ነው። የደሴ ዛፎች ላይ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ የሚዘል ትንሽ ወፍም፣ በራሪ ጭልፊትም፣ ሁሉም በባለ 8ቱ ይቀላል።

ባለ 10ሩ ያሸነፈውም እዚያው ተራራ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ገደል አፋፍ ላይ ተቀመጥን። ወንድሜ ጀርባውን ለድንጋይ ሰጠ፣ ዱላውን በእግሮቹ መሃል ተከለ፣ ባይኖኩላሩን ዱላውን በጨበጠው እጁ ላይ አሳረፈ። ምስሉ ጸጥ አለ። ከገደሉ ማዶ የጭላዳ መንጋ ነበር። የወንዱን ደረት ቀይ ምልክት፣ ከእናቷ ጀርባ ላይ የተለጠፈችውን ግልገል፣ የሣሩን ሥር እየነቀሉ የሚበሉበትን የእጃቸውን ፍጥነት ሳይቀር እየቆጠረ ነገረኝ። ተቀብዬው ሳይ እውነቱን ነው። አጥንት ከሰማይ እየለቀቀ ድንጋይ ላይ የሚሰብረው ትልቅ አሞራ ማዶ ቋጥኝ ላይ ሲያርፍም የደረቱ ቀለም በባለ 10ሩ ይበልጥ ቁልጭ ብሎ ታየ። የቆመ እንስሳ፣ የተቀመጠ ሰው፣ ክንድ የሚያርፍበት ነገር። ሦስቱ ሲገጣጠሙ ባለ 10ሩ ዋጋ አለው።

ወደ ብርሃን ልምጣ። 42ን ለ8 ስታካፍሉ 5.25 ይመጣል፣ ለ10 ስታካፍሉ 4.2። ይህ ወደ ዓይን የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት ነው፣ በሚሊሜትር። ፀሐይ ላይ የዓይናችን ብሌን ራሱ ጠቦ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ስለሚሆን ልዩነት የለም። ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ግን ብሌን ይሰፋል፣ ያኔ ሰፊው ክብ ይጠቅማል። ሐይቅ ከተማ በማለዳ ሄዳችሁ ታዩታላችሁ። በእስጢፋኖስ ገዳም በኩል ውሃው ላይ ጉም ይተኛል፣ ይብራና ዳክዬ በጉሙ ሥር ይንሸራሸራሉ። ታንኳ የሚቀዝፈው ልጅ «አብሽሩ፣ አሁን ይገፈፋል» ይለናል። ጉሙ እስኪገፈፍ በባለ 8ቱ ቀለም መለየት ስንችል በባለ 10ሩ ጥላ ጥላው ብቻ ነበር።

ክረምቱን ሁለቱም ተወጥተውታል። ውስጣቸው በናይትሮጅን የተሞላና ውሃ የማያስገባ ስለሆነ የሐምሌና የነሐሴ የደሴ ጉም ከውስጥ አላደበዘዛቸውም። ከደሴ ብርድ ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ከቦርሳ ስታወጧቸው ውጪው ላብ ያወጣል። ታገሡት፣ ራሱ ይደርቃል። በጋቢ ጫፍ እንዳትጠርጉት። አቧራው ሌንሱን ይጭረዋል። መጀመሪያ እፍ ብላችሁ አቧራውን አባርሩ፣ ከዚያ በለስላሳ የሌንስ ጨርቅ።

ቅሬታም አለኝ። አብሮ የመጣው ማንጠልጠያ ቀጭን ነው፣ ከሰዓት ላይ አንገት ይቆርጣል። ሰፊ የጨርቅ ማንጠልጠያ ቀየርኩበት። የፊት ሌንስ ክዳኖቹ በትንሽ ንክኪ ይወልቃሉ፣ አንዱ ጓሳ ውስጥ ቀርቷል። ተራራ ላይ በጠዋት ብርድ ምስሉን የሚያጠራው የመሃል መዘውር (ፎከሱ) ይጠጥራል፣ በእጅ ሲሞቅ ይላላል። ዓይን የሚያርፍበት የቀኙ ጎማ ደግሞ ተጠምዝዞ ከወጣ በኋላ ቦታው አይቆይም፣ ገፋ ሲደረግ ይገባል። ለዋጋው ይህ መሆን አልነበረበትም።

አባታችን የዓይን መነጽር ያደርጋሉ። እሳቸው ጎማውን ወደ ውስጥ ጠምዝዘው መነጽራቸውን ሳያወልቁ ያያሉ። እንዲህ ለመጠቀም መግለጫው ላይ ከዓይን እስከ ሌንስ ያለው ርቀት 15 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ቢሆን ጥሩ ነው። ካነሰ ዙሪያው ተቆርጦ ይታያል።

ራሴን አመመኝ ለሚሉ፦ ብዙ ጊዜ ችግሩ የቀኝ ዓይን ማስተካከያ ቀለበቱ ነው። ቀኙን ሸፍናችሁ በመሃሉ መዘውር የግራውን አጥሩ። ከዚያ ግራውን ሸፍናችሁ በቀኙ ቀለበት ብቻ አጥሩ። ከዚያ በኋላ ቀለበቱን አትንኩት።

አንድ ነገር በጣም አደራ። ብዙ ሰው ይህን ዕቃ ከወታደር ጋር አያይዞ ነው የሚያውቀው። ጊዜውም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ወደ ሰው ቤት፣ ወደ ኬላ፣ ወደ ካምፕ አታዙሩት። ሰፈሩ እንደደረሳችሁ ሰላምታ አስቀድሙ፣ ለምን እንደመጣችሁ ተናገሩ፣ ለእረኞቹና ለሽማግሌዎቹ ስጧቸውና ይዩበት። የሰፈሩን ወፎችና እንስሶች ከእናንተ በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ገበያ ስትወጡ «30×60» የሚል ተጽፎበት ፊቱ ቀይ የሚያብረቀርቅ ታገኛላችሁ። እለፉት። ቁጥሩ እውነት ቢሆን እንኳ 30 እጥፍ በእጅ ተይዞ አይረጋም። ቀዩ ቅብም ቀይ ብርሃን እየመለሰ ምስሉን አረንጓዴ ያስመስለዋል። ደህና የሚመስል ካገኛችሁ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ በማያው በኩል ወደ ብርሃን እዩበት። ሁለት ብሩህ ክቦች ይታያሉ። ጠርዛቸው ሙሉ ክብ ከሆነ ጥሩ፣ አራት ማዕዘን መስሎ ከተቆረጠ ፕሪዝሙ (ውስጡ ያለው ብርሃን የሚያጥፍ መስታወት) ርካሽ ነው። ወደ ፀሐይ ግን በጭራሽ።

ይህን ሁሉ ሰምታችሁ ባለ 10ሩን ለመግዛት ከቆረጣችሁ የፊት ማጠፊያው ላይ ለሦስት እግር ማቆሚያ የሚሆን ብሎን ማሰሪያ ያለውን ምረጡ። ማቆሚያው ራሱ ለጊዜው ይቆይ፣ እስከዚያው ዱላ ይበቃል።