ከነልጆቼና ከነእማዬ ቀርጤስ ላደረሰችን እህት

ሰላም ለሁላችሁ። በተለይ ጀርመን ለምትኖሩና ልጆች ላሏችሁ ነው የምጽፈው። ትናንት ማታ ከግሪክ ተመለስን። ሻንጣው ገና ሳሎን መሃል ተዘርግቷል፤ ምስጋናዬን ግን ማሳደር አልፈለግኩም።

ፍራንክፈርት ውስጥ አንዲት ትንሽ የጉዞ ወኪል ቢሮ የምትሠራ እህት አለች። ስሟን እንድጽፍ ብለምናት "ኧረ እኔን አደባባይ አታውጪኝ" ብላ እምቢ አለችኝ። ቢሆንም ዝም አልልም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ያገለገለንን እጅሽን ይባርክልኝ።

የበፊቱን ካልነገርኳችሁ ደስታዬ አይገባችሁም። ከዚህ ቀደም ሌላ ደሴት ሄደን ነበር። የቱ እንደሆነ ይቅር፣ ማን እንደላከንም ይቅር። "ከባህሩ ሁለት መቶ ሜትር" ተብሎ ነበር የተሸጠልን። አልዋሹም፣ ሁለት መቶ ሜትር ነው፤ ግን ቁልቁል! ደረጃ ብቻ። ባለቤቴ የልጅ ጋሪ ተሸክሞ በዚያ ፀሐይ እንደ ኩሊ ሲወጣ ሲወርድ ከረመ። የልጅ አልጋ አለ ተብለን የለም። ኤሲው ለብቻው ይከፈልበታል ተባልን። ከአየር ማረፊያ ይወስዳችኋል የተባለው መኪና ሳይመጣ ቀረና ልጆቹ እኩለ ሌሊት ላይ ሻንጣ ተደግፈው ተኙ። ስንደውል ሙዚቃ ያሰሙናል። ያ ሙዚቃ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ተመልሰን አቤት ስንል "ቅሬታዎ ደርሶናል" የሚል ኢሜይል ላኩልን። በቃ፣ ካሳው እሱ ነው። ባለቤቴማ "ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ስለ ባህር የሚያወራ ሰው እንዳይኖር" ብሎ ነበር።

ዘንድሮ ልጆቹ ሲነዘንዙን አንዲት ጓደኛዬ ወደዚህች እህት መራችን። ገብቼ ቁጭ ስል "በጀታችሁ ስንት ነው?" ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን "ትንሹ ቀን ይተኛል?" አለችኝ። ትልቋ መኪና ላይ ያስመልሳታል ወይ? እናትሽ ጉልበታቸው እንዴት ነው? ደረጃ ይወጣሉ? የእማዬን ፓስፖርትና የመኖሪያ ካርድ አገላብጣ ቀኑን አየች። ከዚያ መቼ መሄድ እንደምንፈልግ ጠየቀችኝ። ነሐሴ መጀመሪያ፣ ትምህርት ቤት ሳይከፈት አልኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና ቀና ብላ አየችኝ።

"ፍልሰታ ነው እኮ። እናትሽ ይጾማሉ አይደል?"

እውነት እላችኋለሁ፣ እንባዬ መጣ። እማዬ ከእኛ ጋር ስትጓዝ ሁሌም ዳቦና ሰላጣ በልታ ነው የምትመለሰው። ማንም ጠይቆልን አያውቅም።

ለካ ግሪኮቹም በዚያው ሰሞን የእመቤታችንን ጾም ይጾማሉ። የእነሱ በፈረንጆቹ ኦገስት 1 ገብቶ በ15 በዓሉ ይውላል፤ የእኛ ደግሞ በ7 ይገባል። "በዚያ ሳምንት ብትሄዱ ወጥ ቤቱ ራሱ የጾም ይሠራል" አለችና ስልኳን አንስታ ሆቴሉ ጋ ደወለች። ለእማዬ ብላ! እዚያው ፊቴ! ምግብ አብሳዩ እስኪመጣ ስልኩን ይዛ ጠበቀች።

ስንደርስ እንዳለችው ሆነ። በቲማቲም የተሠራ ትልልቅ ባቄላ፣ በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ፣ የተቀቀለ ቅጠላ ቅጠል በሎሚና በወይራ ዘይት። እማዬ ዘይቱን ጠየቀች፣ ቅጠሉን ጠየቀች፣ ጎረሰች፣ ዝም አለች። ዝም ካለች ጣፍጧታል ማለት ነው። ትልቋ ልጄም "እኔም እጾማለሁ" ብላ ከአያቷ ሳህን መብላት ጀመረች። አንድ ማታ ግን ምግብ አብሳዩ ደስ ሊያሰኛት ብሎ "ይሄም የጾም ነው" እያለ የተጠበሰ ኦክቶፐስ አመጣላት። እነሱ ጋ ደም የለውም ተብሎ ይበላል። እማዬ እግሩን በሹካ ጫፍ ገልበጥ አድርጋ አየችና "በስመ አብ! ይሄ ደግሞ የምን አውሬ ነው?" አለች። ሰውየው ባይገባውም ከእኛ እኩል ሳቀ። በማግስቱ ባቄላውን እጥፍ አደረገላት።

ስለ ቦታው ትንሽ ልንገራችሁ፣ እሷ ያስረዳችኝን ያህል። ቀርጤስ ረጅም ደሴት ናት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ። ዋናዎቹ አውሮፕላን ማረፊያዎች ሃኒያና ሄራክሊዮን ናቸው፣ በመካከላቸው 140 ኪሎ ሜትር ያህል አለ። ርካሽ ነው ብላችሁ በማይሆነው በኩል ካረፋችሁ ልጆች ይዛችሁ ሌሊት መንገድ ላይ ናችሁ። እኛን በሃኒያ አስገብታ በሄራክሊዮን አስወጣችን። ዋጋው እንዴት እንዳልጨመረ አልገባኝም፣ እሷም አላብራራችም። ያረፍነው አልሚሪዳ የምትባል ትንሽ መንደር ነው። አሸዋ ነው፣ ውሃው ጥልቅ አይደለም፣ ደረጃ የሚባል ነገር የለም። ባለቤቴ የመጀመሪያውን ቀን ደረጃ ሲፈልግ ነው የዋለው፣ ስላላመነ።

አጣጥፋ የሰጠችን አንድ ወረቀት ነበረ፣ በአማርኛ በእጇ የጻፈችው። አንድ ቀን ጠዋት ስንነሳ ባህሩ ተቆጥቷል። መልቴሚ የሚሉት የበጋ የሰሜን ነፋስ ነው። ቀይ ባንዲራ ተሰቅሏል፣ ልጆቹ ያለቅሳሉ። ወረቀቱን ብንገልጠው "ነፋስ ከመጣ ኩርናስ ሐይቅ ሂዱ፣ ጀልባ በእግር የሚነዳ አለ" ይላል። ሄድን። ተራሮች ሥር የተኛ ሐይቅ ነው፣ ውሃው ጨው የለውም። ትንሹ ልጄ ኤሊ አንገቷን ከውሃ ስታወጣ አይቶ ከደስታው ብዛት ጀልባዋን ሊገለብጣት ነበር። ያን ቀን ባህሩን የጠየቀ የለም።

ሌላም ነገር ጽፋልን ነበር። የግሪክ ሆቴሎች ለየክፍሉ በየሌሊቱ የሚያስከፍሉት የመንግሥት ግብር አለ። በበጋ ባለ 3 ኮከብ 5 ዩሮ፣ ባለ 4 ኮከብ 10 ዩሮ ነው። ቀድማ ስለነገረችን አልደነገጥንም። ባለቤቴ እዚያው ቀርጤስ ያለውን የሰማርያን ሸለቆ ካልሄድኩ ብሎ ነበር። "16 ኪሎ ሜትር በእግር ነው፤ ልጁ ሲያድግ ና፣ እኔው እልክሃለሁ" ብላ አስተወችው። እኔ ብዬው ቢሆን ይሰማኝ ነበር? ድርጅቱ ቢከስር ገንዘባችን የሚመለስበትን ወረቀትም ሰጥታናለች፣ ዚኸሩንግስሻይን የሚሉትን። ዝርዝሩ አልገባኝም፣ ፍሪጁ ላይ ለጥፌዋለሁ።

በሄራክሊዮን በኩል ያስወጣችን ለካ ሌላም ምክንያት ነበራት። ከተማው መሃል የቅዱስ ቲቶ ቤተ ክርስቲያን አለ። የራስ ቅሉ በ1966 ከቬኒስ ተመልሶ እዚያ ነው ያለው። ልጆቹና አባታቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን የዓሣ ማሳያ ሊያዩ ሲሄዱ እኔና እማዬ ቲቶ ጋ ሄድን። እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ረጅም ሰዓት ቆመች። ጳውሎስ ቲቶን ቀርጤስ እንደተወው ከልጅነቷ ስታነብ የኖረች ሴት ናት። ስንወጣ "ያቺን ልጅ በስሟ ጸለይኩላት" አለችኝ። የክርስትና ስሟን ከየት እንዳገኘች አላውቅም፣ ለካ በስልክ ተጠያይቀዋል።

ወገኖቼ፣ ልጆች ይዛችሁ ወይም ወላጅ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ እባካችሁ እሷ ጋ ሂዱ። ደግሜ እላለሁ፣ እሷ ጋ ሂዱ። የበጋውን ጉዞ በክረምቱ ተነጋገሩ፣ የትምህርት ቤት እረፍት ሲቃረብ ዋጋው ይሰቀላል። በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ የቢሮውን ስልክ እሰጣችኋለሁ፤ እሱን ፈቅዳልኛለች። ስትሄዱ ግን "ለሀበሻ ቀንሺ" እያላችሁ አታድክሟት።