አልለቅ ያለ የፊት ፍሬን፦ የማይዝግ ፒስተንና አዲስ ጎሚኒ ከስምንት ወር በኋላ

እ.ኤ.አ. የ1975 ሞዴል ሆንዳ ሲቢ 750 ሞተር ሳይክል አለችኝ። የብርዱን ወራት እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፣ ሜሪላንድ፣ ጋራዥ ውስጥ ቆማ ሚያዝያ ላይ ላወጣት ስል አልገፋ አለችኝ። የፊት ፍሬኗ ይዟል። እንደምንም ሰፈር ውስጥ አንድ ዙር ነድቻት ስመለስ ዲስኩ እጅ አያስነካም ነበር።

ዕቃ ከማዘዜ በፊት የካሊፐሩን (ፒስተኑን ይዞ ሸራውን፣ ማለትም የፍሬኑን ፓድ፣ ዲስኩ ላይ የሚያጣብቀውን ክፍል) አየር ማስወጫ ብሎን ትንሽ ላላ አደረግኋት። ጎማው ወዲያው ቢፈታ ኖሮ ግፊቱ ታምቆ የቀረው ከላይ፣ ማስተሩ (እጀታው ጋ ያለው ዘይት ገፊ) ወይም ቱቦው ውስጥ ነው ማለት ነው። ዘይት ጠብ አለ እንጂ ጎማው ንቅንቅ አላለም። ስለዚህ ችግሩ ካሊፐሩ ነው። ከማይዝግ ብረት የተሠራ ፒስተን፣ ጎሚኒ (ፒስተኑን ዙሪያውን የሚይዝ የላስቲክ ቀለበት) እና ለላስቲክ የሚሆን ትንሽ ግሪስ ያለበትን ጥቅል በ40 ዶላር ገደማ ገዛሁ።

የድሮውን ፒስተን በፒንሳ አትታገሉት። ካሊፐሩን ከቱቦው ሳትለዩ የፍሬኑን እጀታ ደጋግማችሁ ጫኑ፤ የዘይቱ ግፊት ራሱ ገፍቶ ያወጣዋል። የእኔ ሲወጣ ዝገት በልቶት ጎድጓድ ጎድጓድ ብሏል።

አዲሱን ገጠምኩ፣ አየሩን አስወጣሁ፣ ነዳሁ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው እንደገና ያዘ። በጣም አዘንኩ፤ ዕቃው የማይረባ መስሎኝም ነበር። ጥፋቱ ግን የዕቃው አልነበረም። በዚህ ካሊፐር ውስጥ ፒስተኑን የሚመልስ ስፕሪንግ የለም። የሚመልሰው ጎሚኒው ነው፦ ፍሬን ስንይዝ ከፒስተኑ ጋር በጥቂቱ ይጣመማል፣ ስንለቅ ወደ ቅርጹ ሲመለስ ፒስተኑንም ይዞት ይመለሳል። ጎሚኒው የሚቀመጥበት ቦይ ውስጥ የአልሙኒየም ዝገት ከተጋገረ ግን ከጀርባ እየገፋ ፒስተኑ ላይ ያጣብቀዋል። እኔ ቦዩን በጨርቅ ጠርጌ ንጹሕ ነው ብዬ ነበር። ሁለተኛ ስፈታው እንደ ጥርስ ሐኪም መሣሪያ ባለ ቀጭን መንጠቆ ዙሪያውን ፋቅሁት፤ ኖራ የመሰለ ዱቄት ወጣ፣ ወጣ፣ ማለቂያም ያለው አይመስልም። ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብኝ። ሥራው በሙሉ እዚህ ላይ ነው።

ሌላው የካሊፐሩ ክንድ ነው። ፒስተኑ አንድ ብቻ ስለሆነ ካሊፐሩ በፒን ላይ ትንሽ መወዛወዝ አለበት፤ ፒኑ ከደረቀ አንደኛው ሸራ ከዲስኩ አይላቀቅም። አጽድቼ ግሪስ ቀባሁት። ከዚያ የማስተካከያውን ብሎን ሸራው ዲስኩን እስኪነካ አጥብቄ ግማሽ ዙር መለስኩት።

ከዚያ ወዲህ 2,300 ማይል ሄጃለሁ። የፊት ጎማውን አንስቼ በእጄ ስገፋው ግማሽ ዙር እንኳ የማይሞላው ዛሬ ሦስት ዙር ይዞራል። ጥቅምት ላይ ለማየት ብዬ ፈታሁት፤ ፒስተኑ እንደ መስታወት ያበራል፣ ቦዩም ንጹሕ ነው።

ቅሬታዬ ግሪሱ ላይ ነው። ለፒስተኑ እንጂ ለሌላ አይተርፍም፤ ተራ ግሪስ ደግሞ ጎሚኒውን ያሳብጠዋል፣ ስለዚህ ለላስቲክ የሚሆነውን ግሪስ ለብቻ ግዙ። ደግሞ ዝናብ ላይ ፍሬኑ ድሮም ዘግይቶ ነው የሚይዘው፣ አሁንም እንደዚያው ነው። ያ የዲስኩ ጠባይ ስለሆነ ከዚህ ጥቅል አትጠብቁት። የፍሬን ዘይትም እርጥበት ይስባል፤ እኔ ዶት 4 የሚባለውን ዓይነት ሞልቻለሁ፣ በየሁለት ዓመቱ እቀይረዋለሁ።

ፒስተኑንና ጎሚኒውን ድጋሚ ብገዛ ያንኑ እገዛለሁ። መንጠቆውን ግን ከእነሱ ጋር እዘዙ።